ለጅማ ሕርማታ ሰፈሩ ክራር ተጫዋችና ተመራማሪ ምስጋናችን ይድረስ

ጅማ ውስጥ ስትሮክ መትቶት አካሄዱ የተበላሸ ወይም ንግግሩ የተያዘ ቤተሰብ ካላችሁ፣ ከእኛ ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ጎን የሚሠራውን ይህን ሰው አግኙት። ሙዚቃና ፈውስ የሚገናኙበትን ያጠናል። ስሙ እንዲጻፍ አልፈለገም።

ጉብዝናው የሚታየው ገና ክራሩን ሳያነሳ ነው። ታማሚውን በለመደው ፍጥነት ያስኬድና እርምጃውን 1 ደቂቃ ሙሉ ይቆጥራል። 60 ከመጣ የክራሩ ምትም በደቂቃ 60 ይሆናል። ተረከዝ ከምቱ እኩል ሲያርፍና የሁለቱ እግር እርምጃ ሲመጣጠን 5 በመቶ፣ ማለትም 3 ምት ይጨምራል። እግር መጎተት ከጀመረ ወዲያው ይመልሰዋል። በመጨረሻ ክራሩን አቁሞ፣ ታማሚው ምቱን በልቡ ይዞ መሄድ መቻሉን ያያል። ዘዴውን የሙዚቃና የአንጎል ተመራማሪው ማይክል ታውትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጥንተውታል።

ብዙ ቤት ነገሩ የሚበላሸው ከስልክ ዘፈን ሲከፈት ነው። ዘፈኑ ከፈጠነ ታማሚው ሊደርስበት ሲጣደፍ እርምጃው ያጥራል፣ ሊወድቅም ይችላል። ችክችካ ደግሞ ምቱ በሦስት ስለሚከፈል እግር የቱ ላይ እንደሚያርፍ ግራ ይገባዋል። ክራር ተጫዋቹ ግን ሌሎቹን የክራሩ ክሮች በግራ እጁ አፍኖ አንዷን ብቻ ይመታል። በጅማ ክረምት የክራሩ ቆዳ እርጥበት ስቦ ስለሚላላ ድምፁ ይደፈናል፤ ስለዚህ ታማሚው ሳይመጣ አሙቆና ቃኝቶ ይጠብቃል።

ነገር እየገባቸው ቃል ለማይወጣላቸው የሚያደርገው ደግሞ ሌላ ነው። «ቡና»ን በሁለት ድምፅ፣ ከፍና ዝቅ አድርጎ ያንጎራጉራል። «ቡ» ሲል የታማሚውን ግራ እጅ ጠረጴዛው ላይ መታ ያደርጋል፣ «ና» ሲልም እንደገና መታ። መጀመሪያ አብረው ይላሉ፤ ቀጥሎ የራሱን ድምፅ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከዚያ ታማሚው ብቻውን። ኋላ «ምን ላምጣልዎት?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን ያለ ዜማ ይጠብቃል። ቃሏ በኦሮምኛም ቡና ስለሆነች ለሁለቱም ተናጋሪዎች ከእሷ ይጀምራል፤ ይህቺን ማሰቡ ብቻ ያስመሰግነዋል።

ሙሉ መንዙማ ወይም መዝሙር ሳይሳሳት የሚያዜም ሰው ውሃ መጠየቅ ሊያቅተው ይችላል። ቤተሰብ በዜማው ተደስቶ እሱኑ ሲያስደግም ይውላል፤ በቃል የተያዘ ዜማ ግን በራሱ ወደ ንግግር አይሻገርም።

የደም ግፊት ክኒን በእሱ ሥራ አይተካም፤ እንዳታቋርጡ። ስትመጡ ታማሚው የሚራመድበትን ጫማና ምርኩዙን ያዙ፣ አብሮ የሚያለማምድ አንድ ሰውም ይምጣ። አድራሻውን በኢንቦክስ ጠይቁን።