ቀጭኗ ላፕቶፔና ሰማያዊው ኬብል፦ የስምንት ወር ትዝብት

ስለዚህች ላፕቶፕ ኅዳር ላይ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ስድብ ብቻ ነበር የሚወጣኝ። አሁን ሰኔ ነው፣ ስምንት ወር አብረን ከረምን፣ ትንሽ በርዶልኛል። ትንሽ ነው ያልኩት።

47 ዓመቴ ነው። ሥራዬ ንብረት ክፍል ነው። ዲፕሎማዬን የያዝኩት አስተማሪው በጠመኔ እየጻፈ እኛ በደብተር ስንገለብጥ በነበረበት ዘመን ነው። ዘንድሮ ለዲግሪ የቅዳሜና እሁድ ትምህርት ስጀምር ክፍሉ ውስጥ ጠመኔ ብፈልግ የለም። ስላይዱ በቴሌግራም ይመጣል፣ አሳይመንቱ በኮምፒውተር ተጽፎ ይገባል፣ ከዚያ ደግሞ ፕረዘንቴሽን። ላፕቶፕ ግድ ሆነ።

ጎንደር ፒያሳ ወጥቼ አንድ ሱቅ ገባሁ። ልጁ አፍ አለው። «ጋሼ፣ ይቺ ላባ ናት፣ ስላይትሊ ዩዝድ ናት፣ ከአዘዞ ይዘዋት ቢመላለሱ እንኳ አትታወቅዎትም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ 1 ኪሎ ከ200 ግራም ናት። አጠገቧ አንዲት ወፍራም ጥቁር ላፕቶፕ ነበረች፣ ዋጋዋም ረከስ ያለ። እሷስ ስለው «እሷ የድሮ ናት፣ ለእርስዎ አትሆንም» አለ። የድሮ ለእኔ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?

ኅዳር ላይ የመጀመሪያው ፕረዘንቴሽን ደረሰ። የግሩፑ ልጆች ሁሉም በሃያዎቹ ያሉ ናቸው፤ «ጋሼ ያቅርብልን» ብለው ገፉብኝ። ሁለት ሌሊት ተለማመድኩ። ከረባት ሁሉ አስሬ ነው የሄድኩት። ወጣሁና ከፕሮጀክተሩ የሚመጣውን ኬብል ያዝኩ። ጫፉ ሰማያዊ ነው፣ በግራና በቀኝ ብሎን አለው። ላፕቶፗን በቀኝ አየኋት፣ በግራ አየኋት፣ ከኋላም አየኋት። የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ያየኛል። አስተማሪው ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው ነው፣ ቀስ ብሎ መጣና «ጋሼ፣ የአንቱ ላፕቶፕ ኤችዲኤምአይ ብቻ ነው ያላት፣ ይሄ ደግሞ ቪጂኤ ነው» አለኝ። «ምንና ምን ናቸው?» ስለው ክፍሉ ሳቀ። ለካ ሁለቱም ምስል ከኮምፒውተር ወደ ፕሮጀክተር የሚያስተላልፉ መሰኪያዎች ናቸው፣ ቪጂኤ የድሮው፣ ኤችዲኤምአይ የአዲሱ።

በፍላሽ ገልብጠን በሌላ ልጅ ላፕቶፕ ከፈትነው። ይባስ ብሎ አማርኛዬ ሁሉ የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ሆኖ መጣ። ይሄኛው የላፕቶፗ ጥፋት አይደለም፣ የእኔ ነው። የጻፍኩት መሥሪያ ቤት በለመድኩት የድሮ ፎንት ነበር። እነዚያ ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነው ያስቀመጡት፤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ከሥር ያለው ላቲን ይወጣል። አሁን ለእያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ በሰጠው በዩኒኮድ ነው የምጽፈው። የዚያን ቀን ግን በቃሌ አቀረብኩ፣ ላቡ በከረባቴ እየወረደ።

ቤት ገብቼ ሳነብ ነው የተናደድኩት። ቪጂኤ የወጣው በፈረንጆች 1987 ነው፣ እኔ ገና አንደኛ ደረጃ ሳለሁ። የኮምፒውተር ፕሮሰሰር ሠሪዎቹ ኢንቴልና ኤኤምዲ ደግሞ በዚያው በፈረንጆች በ2010 ላይ፣ እስከ 2015 ቪጂኤን እንተወዋለን ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። ስለዚህ አንተ ልጅ፣ ላፕቶፕ ሻጭ ሆነህ ይሄን አታውቅም ልትለኝ ነው? «ለምን ፈለጓት?» ብለህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? ለትምህርት እንደሆነ እልህ ነበር። ያቺ የናቅሃት ወፍራም ላፕቶፕ እኮ ጎኗ ላይ ያ ባለ 15 ቀዳዳ ሰማያዊ ፖርት ነበራት! ተመልሼ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ።

ተመልሼ የሄድኩት ኮንቨርተር ልገዛ ነው፣ የላፕቶፗን ኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚለውጥ ትንሽ ዕቃ። 900 ብር አስከፈለኝ። ቅዳሜ ሰካሁት፣ ምንም የለም። ለካ የሰጠኝ ተቃራኒውን ነው። ኮንቨርተር እንደ ማራዘሚያ ገመድ በሁለቱም በኩል የሚሠራ ነገር እንዳልሆነ ማን ነገረኝ? ላፕቶፗ የምትልከው ዲጂታል ነው፣ የድሮው ፕሮጀክተር በቪጂኤ የሚቀበለው አናሎግ ነው፤ መሐል ያለችው ትንሽ ቺፕ የምትተረጉመው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። እኔ የያዝኩት ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚለውጠውን ነበር። «ከፍተውታል፣ አይመለስም» አለኝ። ሌላ 1,100 ብር፣ በዚህ ጊዜ ከሌላ ሱቅ።

ሁለተኛው ሠራ፣ ግን ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል። አንዲት የክፍሌ ልጅ ናት ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ያሳየችኝ። የስልክ ቻርጀር ገመድ ሰክታ ሌላኛውን ጫፍ ላፕቶፗ ላይ አደረገችው፣ ምስሉ ረጋ። ለካ ከኤችዲኤምአይ የሚያገኘው ኃይል አልበቃ ብሎት ነው። ምስሉ እንቢ ሲል ደግሞ የዊንዶውስን ቁልፍ ከፒ ጋር መጫን እንዳለብኝ ያስተማረችኝም እሷ ናት። ድምፅ ግን በቪጂኤ አያልፍም፤ ቪዲዮ ያለበት ስላይድ ሲኖረኝ የላፕቶፗን ስፒከር እስከ መጨረሻ ከፍቼ የኋላዎቹን «ጠጋ በሉ» እላለሁ።

የቀረው ደህና ነው። ባትሪዋ ሦስት ሰዓት ተኩል ትይዛለች፣ ኪቦርዷ ለጣቴ ይመቻል።

ትገዛታለህ ወይ ብትሉኝ ኅዳር ላይ ዋርካ ላይ ልሰቅላት ነበር። ዛሬ ግን እንጃ። ባለፈው ቅዳሜ የሌላ ግሩፕ ልጅ አዲስ ላፕቶፕ ይዞ ወጥቶ ልክ እንደ እኔ በቀኝ በግራ ሲያገላብጣት ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ጋሼ፣ ኮንቨርተር!» አለ። ቦርሳዬን ከፍቼ፣ ገመዱን ከነቻርጀሩ ሰክቼ፣ የዊንዶውስን ቁልፍ ከፒ ጋር ተጭኜ ተመለስኩ። አስተማሪው አጨበጨበ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ብቻ ልጁ ኮንቨርተሬን ይዞት ሄዷል። ይሄን ካነበብክ፣ ቅዳሜ ጠዋት ይዘህልኝ ና፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ እኔ ነኝ የማቀርበው።