ስካይሪም፣ ባነርሎርድ ወይስ ኬንሺ? የቱ ይገዛ?

እንደፈለጋችሁ የምትኖሩበት ሰፊ ዓለም ያለው ጌም ልትገዙ ስታስቡ ግራፊክሱንና የማፑን ስፋት ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ የሚጠየቀው እኔ ባልኖር ይህ ዓለም ምን ይሆናል የሚለው ነው። ሦስቱ ጌሞች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

የስካይሪም (2011) ዓለም እናንተን ይጠብቃል። አንገታችሁ ሊቀላ ሲል ዘንዶ ደርሶ ግርግር ይፈጥርላችኋል፤ ብዙም ሳትቆዩ ድራገንቦርን፣ ማለትም የዘንዶ ነፍስ ይዞ የተወለደ ጀግና፣ መሆናችሁ ይነገራችኋል። ከዚያ ዋናውን ታሪክ ትታችሁ ተራራ ብትወጡ፣ ከሌቦች ማኅበር ብትገቡ፣ ቤት ሠርታችሁ ልጅ ብታሳድጉ የሚቆጣ የለም፤ ዘንዶውም እስክትመጡ ይታገሣል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። በ2016 የወጣው ስፔሻል ኤዲሽን 12 ጊጋባይት ቦታ ይበቃዋል፤ ጌሙ በፕሌይስቴሽን፣ በኤክስቦክስና በስዊችም ይገኛል። ድክመቱ ውጊያው ነው፤ የሰይፉ ምት ክብደት የለውም።

ባነርሎርድ አንካራ ያለው የቴልዎርልድስ ኩባንያ ሥራ ነው፤ ከ2020 ጀምሮ ባላለቀ መልኩ ሲሸጥ ቆይቶ በ2022 ሙሉ ሆኖ ወጣ። እዚህ ነገሥታቱ እናንተን ሳይጠብቁ ይዋጋሉ፣ ከተሞች ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳሉ። ከመንደር ጥቂት ጎረምሶች መልምላችሁ፣ እህል ከርካሽ ገበያ ወደ ውድ ገበያ እያመላለሳችሁ ትነሣላችሁ፤ በርትታችሁ ከሠራችሁ እስከ 1,000 ወታደር በሚሰለፍበት ሜዳ ፈረስ ትጋልባላችሁ። ባለታሪኩ ያረጃል፣ ይሞታል፤ ወራሹ ይቀጥላል። ጦርነት የሚወድ ሰው ይህን ይግዛ። ታሪክና ጭውውት ፈልጎ ከመኳንንቱ ጋር የሚያወራ ግን ያዝናል፤ ንግግራቸው ደረቅና ተመሳሳይ ነው። ደግሞ 60 ጊጋባይት ይፈልጋል፤ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሌላ ወጪ ነው።

ኬንሺ (2018) ማንነታችሁን አያውቅም፣ ማወቅም አይፈልግም። ክሪስ ሀንት ለዓመታት አብዛኛውን ብቻውን የሠራው ይህ ጌም ዋና ታሪክ የለውም፤ 870 ስኩዌር ኪሎሜትር በረሃና ፍርስራሽ ብቻ። ገና ከከተማ ስትወጡ የተራቡ ሽፍቶች ቀጥቅጠው፣ ምግባችሁን ወስደው፣ ደማችሁ እየፈሰሰ ጥለዋችሁ ይሄዳሉ። በሌሎች ጌሞች ይህ ሽንፈት ነው፤ እዚህ ግን በተደበደባችሁ ቁጥር ጥንካሬያችሁ ይጨምራል። ባሪያ ፈንጋዮች ቢይዟችሁ እንኳ በሌሊት የእግር ብረት ቁልፍ መክፈትና መሸሸግ እየተለማመዳችሁ ትቆያላችሁ፤ እስር ቤቱ ትምህርት ቤት ይሆናል። እግሩን ያጣ ሰው የብረት እግር ይገጠምለታል፣ ከቀድሞው ፈጥኖም ሊሮጥ ይችላል። ብቻውን የጀመረው ስደተኛ ጓደኛ አግኝቶ፣ ጎጆ ቀልሶ፣ እርሻ አርሶ ሲያድር የሚሰማኝን ደስታ በሁለቱ ጌሞች አላገኘሁትም፤ ያንን ታሪክ ማንም አልጻፈልኝምና። ምርጫዬም ኬንሺ ነው። መልኩ ግን አያምርም፣ የሚሠራው በዊንዶውስ ኮምፒውተር ብቻ ነው፣ በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ዓለሙን እስኪከፍት ያሰለቻል፤ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) ይኑራችሁ።

ሦስቱንም ካወረዳችሁ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ብቻችሁን መጫወት ትችላላችሁ። ስቲም በተባለው የኢንተርኔት የጌም መደብር የተገዛ ጌም በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወታችሁት ገንዘቡ ይመለሳል። ስካይሪምን ለመፈተን ይህ ይበቃል፣ ለባነርሎርድ ይጠባል። ኬንሺ ግን በ2 ሰዓት ውስጥ ከድብደባ በቀር ብዙ አያሳያችሁም፤ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሌላ ሰው ከዜሮ ሲጀምር የሚያሳይ ረጅም ቪዲዮ እዩ።