ስድስቱን ልውሰድ ወይስ አራቱን?

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ፣ ከጎረቤቴ ጋር ጎ (በየተራ ጠጠር እያስቀመጡ ቦታ በመክበብ ነጥብ የሚያዝበት ጨዋታ) የምንጫወተው ካርቶን ላይ ባሰመርነው 19 በ19 ሰሌዳ ነው፤ ጠጠሩ ቆርኪ። (361 ቆርኪ ለመልቀም ስንት ግሮሰሪ እንደዞርን አትጠይቁኝ።)

ትናንት ማገባደጃው ላይ ሁለት ቦታ አየሁ። ግራ ጥጉን የቀደመ የ6 ነጥብ ልዩነት ያገኛል፤ ሌላው መመለስ ስለማይጠበቅበት ተራው ያልፋል። ጃፓኖች «ጎቴ» ይሉታል። ቀኝ ጠርዙ ልዩነቱ 4 ብቻ ነው። ግን እሱ ከቀደመኝ ቆርኪዎቼ እንዳይበሉ የግዴን እመልሳለሁ፣ ተራውም የሱ እንደሆነ ይቀራል፤ ለሱ «ሴንቴ» ነው።

እጄ ወደ 6ቱ ሮጠ። ተሳሳትኩ።

6ቱ ለሁለት ይካፈላል፤ ወይ የኔ ወይ የሱ አንድ ጠጠር ስለሚወስነው የአንዷ ጠጠር ዋጋ 3 ነው። 4ቱ ግን አይካፈልም። እሱ ቢቀድም እኔም ስለምመልስ ጠጠራችን እኩል ይወጣል፤ እኔ ብቀድም ግን አንዷ ጠጠሬ ብቻዋን ሙሉ 4 ታመጣለች።

ይህ የሚሠራው ግን እንደ ትናንቱ 5 ነጥብ የሚያወጡ ሌሎች ጎቴዎች ገና ሞልተው ሳለ ነው። ሁለቱ ቦታዎች ብቻ ከቀሩ ሒሳቡን ተዉት፤ 6ቱን የወሰደ በ2 ነጥብ ይሻላል።