«ክፍት ምንጭ» ተብሎ የሚሸጥ የጆይስቲክ አዳፕተር ከመሰካታችሁ በፊት

ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው እንደ እኔ ኮሞዶር 64፣ አሚጋ ወይም አታሪን የመሳሰሉ የቀድሞ ኮምፒውተሮችን እያደሳችሁ ለምትጠቀሙ፣ በተለይም ደህና ጆይስቲክ ማግኘት ስለከበዳችሁ የዛሬን የዩኤስቢ የጨዋታ መቆጣጠሪያ በአዳፕተር ለመሰካት ላሰባችሁ ሰዎች ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ከአንድ የኢንተርኔት መገበያያ በ38 ዩሮ የገዛሁት አዳፕተር በአራተኛው ቀን የኮሞዶር 64 ኮምፒውተሬን አንድ ቺፕ አበላሽቶብኛል። ማስታወቂያው «ሙሉ በሙሉ ክፍት ምንጭ ሃርድዌር» (ንድፉ ለማንም የተለቀቀ መሣሪያ) ይል ነበር፤ እኔም ሌላ ነገር ሳልመረምር የገዛሁት ይህን ቃል አምኜ ነው።

በአራተኛው ምሽት ጨዋታ ለመጫን ትእዛዙን ጽፌ የሪተርንን ቁልፍ ብጫን ማሽኑ አልመለሰልኝም፤ ጠቋሚዋ እዚያው ባለችበት ብልጭ ድርግም ማለቷን ቀጠለች። የመሰረዣውን፣ የጠቋሚ ማንቀሳቀሻዎቹንና የኤፍ ቁልፎቹን ስሞክር አንዳቸውም አይሠሩም፤ ፊደላቱና ቁጥሮቹ ግን እንደ ወትሮው ይጻፋሉ። እነዚህ ስምንት ቁልፎች በኮሞዶር 64 ውስጥ አንድ የኤሌክትሪክ መስመር ይጋራሉ፤ ያ መስመር ደግሞ በሁለተኛው የጆይስቲክ ሶኬት ላይ «ወደ ላይ» የሚለውን እንቅስቃሴ የሚቀበለው ራሱ ነው። በማሽኑ ውስጥ 6526 የሚባል ቺፕ ሁለት ስላለና የእኔዎቹ በሶኬት ላይ የተቀመጡ ስለነበሩ (በብዙ ቦርዶች ላይ ተበይደው ነው የሚገኙት) ቦታ አቀያየርኳቸው፤ ኪቦርዱ ወዲያውኑ ዳነ። የተጎዳው ቺፑ መሆኑን ያረጋገጥኩት በዚህ ነው። ቺፑን ይሠራ የነበረው የኮሞዶር የራሱ ፋብሪካ ነበር፤ ኩባንያው በ1994 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለከሰረ አዲስ የሚያመርት የለም፤ ለእኔም የተገኘልኝ ከሌላ ከተፈታ ማሽን የወጣ ነው። እያንዳንዱ የተቃጠለ ቺፕ በዓለም ላይ ካሉት ማሽኖች አንዱን መለዋወጫ ያሳጣል፤ ጉዳዩን አክብጄ የማየው ስለዚህ ነው።

የጉዳቱን ምክንያት መረዳት ለመግዛትም ለመመርመርም ስለሚጠቅም ላስረዳ። ባለ ዘጠኝ ፒኑ (ዘጠኝ የመገናኛ እግሮች ያሉት) የጆይስቲክ ሶኬት በ1977 ከወጣው የአታሪ መጫወቻ የተወረሰ ሲሆን የጥንቱ ጆይስቲክ በውስጡ ተራ ማብሪያ ማጥፊያዎች እንጂ ሌላ የለውም። ሲጫኑት መስመሩን ከግራውንድ (ከዜሮ ቮልት) ጋር ያገናኘዋል፣ ሲለቁት ከምንም ጋር አይገናኝም፤ መስመሩን ወደ 5 ቮልት ከፍ አድርጎ የሚይዘው ማሽኑ ራሱ ነው። ስለዚህ ትክክለኛ አዳፕተር ከሁለት ነገር አንዱን ብቻ ያደርጋል፦ ወይ መስመሩን ወደ ግራውንድ ይስባል፣ ወይ ይለቀዋል። በራሱ ጉልበት 5 ቮልት መግፋት ፈጽሞ የለበትም። ምክንያቱም ኮሞዶር 64 እነዚያኑ መስመሮች ኪቦርዱን ለመቃኘት በሴኮንድ 60 ጊዜ ያህል ይጠቀምባቸዋል፤ ማሽኑ መስመሩን ወደ ታች በሚስብበት ቅጽበት አዳፕተሩ ወደ ላይ ቢገፋ ሁለቱ ይጋጫሉ፣ ትርፉ የኤሌክትሪክ ፍሰትም በቺፑ ውስጥ ባለችው ትንሽ ትራንዚስተር ያልፋል። አንድ ጊዜ ቢሆን ላትጎዳ ትችላለች፤ ምሽቱን ሙሉ ሲደጋገም ግን የእኔው ቺፕ የደረሰበት ይደርሳል።

የአዳፕተሩን ሁለት ብሎኖች ፈትቼ ስከፍተው ያገኘሁት የሚያሳዝን ነበር። አዳፕተሩን የሚያሠራው ቺፕ፣ ማለትም የማይክሮኮንትሮለሩ፣ ጽሑፍ ሆን ተብሎ ተፍቋል። በቦርዱ ላይ የንድፉ ባለቤት ስም፣ የእትም ቁጥርም ሆነ የፈቃድ ዓይነት አልተጻፈም። ከዚያም ከኮምፒውተሩ ለይቼ በፒን 7 እና በፒን 8 መካከል ከሌላ ምንጭ 5 ቮልት ሰጠሁትና ባለ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከፒን 1 ወደ ፒን 8 አገናኝቼ፣ ምንም ሳልጫን፣ በሬዚስተሩ ጫፎች መካከል ያለውን ቮልቴጅ በመልቲሜትር ለካሁ፤ 4.8 ቮልት አነበብኩ። መስመሩን በትክክል የሚለቅ አዳፕተር በዚህ ልኬት ወደ ዜሮ የቀረበ ቁጥር ነው የሚያሳየው፤ በማይክሮኮንትሮለሩ ውስጥ ያለው፣ መስመሩን በደካማው ወደ 5 ቮልት የሚስበው ሬዚስተር ሥራ ላይ ቢሆን እንኳ ከ0.3 ቮልት ብዙም አይርቅም። ፒን 2፣ 3፣ 4 እና 6ም በተመሳሳይ መንገድ ሊለኩ ይገባል። ሥራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ተራ መልቲሜትርም ይበቃል። እኔ ይህን ያደረግኩት ቺፑ ከሞተ በኋላ ነው፤ እናንተ ከመሰካታችሁ በፊት አድርጉት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ መለየት አለበት። ማይክሮኮንትሮለሩ ያለ ምንም መሃከለኛ ክፍል በቀጥታ ከሶኬቱ ጋር መገናኘቱ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ እንዲህ የተሠሩ አስተማማኝ ንድፎች አሉ። ልዩነቱ ያለው ፈርምዌሩ (በማይክሮኮንትሮለሩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም) ላይ ነው፦ ጥሩው ቁልፉ ሲለቀቅ ፒኑን ወደ ግቤት (ምንም ወደማይገፋ) ይለውጠዋል፣ መጥፎው ግን ወደ ውጭ የሚገፋ አድርጎት 5 ቮልት ይሰጥበታል። በፕሮግራሙ ጽሑፍ ውስጥ የአንድ መስመር ልዩነት ብቻ ነው። ክፍት ምንጭነት ለገዢው ዋጋ የሚኖረውም በዚሁ ነው፤ ምንጩ ከተሰጠ ያችን መስመር እኔ ባላውቅ እንኳ የሚያውቅ ሰው አይቶ ይነግረኛል።

ሻጩን የሰርኪዩት ንድፉንና የፈርምዌሩን ምንጭ እንዲልክልኝ በጽሑፍ ጠየቅኩት። መልሱ «ንድፉ የሥራ ምስጢር ነው» የሚል ነበር። ምስጢር የሆነ ነገር ክፍት ምንጭ ሊሆን አይችልም። ክፍት ምንጭ ሃርድዌር የሚባለው ንድፉ ለሕዝብ ተለቅቆ ማንም ሊያጠናው፣ ሊለውጠው፣ ሊሠራውና ሊሸጠው የሚችል ብቻ ነው። ስለዚህ የሌላውን ክፍት ንድፍ ሠርቶ መሸጥ ነውር የለበትም፣ ብዙ ነዳፊዎችም ይደሰቱበታል፤ ነገር ግን ግዴታ አብሮ ይመጣል። ፈርምዌሩ ጂፒኤል በተባለው የክፍት ምንጭ ፈቃድ የተለቀቀ ከሆነ ሻጩ ለገዢው ምንጩን የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በ2020 የወጣው የሰርን (የአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ድርጅት) የክፍት ሃርድዌር ፈቃድ ሁለተኛ እትምም በጠንካራው ዓይነቱ ለንድፉ ተመሳሳይ ግዴታ ይጥላል። «ለንግድ መጠቀም ክልክል ነው» የሚል ፈቃድ ያለው ንድፍ ከሆነ ደግሞ ያለ ባለቤቱ ስምምነት መሸጡ ራሱ ጥሰት ነው። የክፍት ምንጭ ሃርድዌር ማኅበር ከ2016 ጀምሮ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ሻጩ ቁጥሩን ከጠቀሰ በማኅበሩ መዝገብ ውስጥ ማመሳከር ይቻላል። ቁጥር የሌለው ሁሉ ግን አታላይ አይደለም፤ ዋናው መጠየቂያ «ምንጩ የት አለ?» የሚለው ነው።

ሁለተኛው ስጋት የኃይል ፍጆታ ነው። የኮሞዶር የራሱ መመሪያ ከፒን 7 እንዲወሰድ የሚፈቅደው እስከ 50 ሚሊአምፔር ብቻ ሲሆን፣ በዩኤስቢ ደንብ አንድ መሣሪያ ገና ሲሰካ እስከ 100፣ ከተፈቀደለት በኋላም እስከ 500 ሚሊአምፔር ሊስብ ይችላል። ማስታወቂያው «ማንኛውም መቆጣጠሪያ ይሠራል» ሲል ይህን አልጠቀሰም። የሚንቀጠቀጥ ሞተር ያላቸውን መቆጣጠሪያዎች ፍጆታቸው ሳይለካ አትሰኩ።

ማስታወቂያው የሴጋ ሜጋ ድራይቭ መቆጣጠሪያ ያለ አዳፕተር በቀጥታ መሰካት እንደሚችልም ይናገር ነበር። ሶኬቱ ይገጥማል፤ ሽቦው ግን አይገጥምም። ሜጋ ድራይቭ 5 ቮልቱን የሚጠብቀው በፒን 5 ሲሆን ኮሞዶር የሚሰጠው በፒን 7 ነው፤ በመቆጣጠሪያው ውስጥ ያለው ቺፕም መስመሮቹን በራሱ ይገፋል። ይህን እንደ ጥሩ ነገር የሚያስተዋውቅ ሻጭ የሚሸጠውን አያውቅም።

ገንዘቤን ለማስመለስ ያደረግኩት ሙከራም አልተሳካም። እኔ በምኖርበት በጀርመን፣ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት፣ ከነጋዴ በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት ይመለሳል፤ ይህ መብት ግን ከግለሰብ ለተገዛ ዕቃ አይሠራም። ሻጩ ያንኑ አዳፕተር ሳያቋርጥ እየሸጠ የተመዘገበው በግለሰብነት ነበር። በሻጩ ስም ሥር የተጻፈውን ይህን አንድ ቃል ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡ።

አዳፕተር የግድ ከፈለጋችሁ ንድፉ በይፋ የተለቀቀውን ምረጡ። ለምሳሌ ዩኒጆይስቲክል የተባለው የብሉቱዝ አዳፕተር ምንጩ ለማንም ክፍት ነው። ከተለቀቀ ንድፍ ራሳችሁ ለማሠራት ከፈለጋችሁ፣ የሰርኪዩት ቦርድ የሚያመርቱ ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ ከአምስት ቦርድ በታች ትእዛዝ ስለማይቀበሉ ከጓደኞች ጋር ተካፍሎ ማዘዝ ይቻላል።

እኔ የገዛሁት ጥቁር የፕላስቲክ ሳጥን ያለው፣ በጎኑ ሰማያዊ መብራት የሚበራ፣ ክዳኑ ላይ ምንም ያልተጻፈበት ነው። ማስታወቂያው ባለፈው ሳምንት በአዲስ የሻጭ ስም ተመልሶ ወጥቷል፤ ፎቶግራፉ ግን ያው ነው፣ በቀኝ በኩል ያለው ብሎን እንደ ጎበጠ ይታያል።