ራሳቸውን የሚያጠጡ የአትክልት መትከያዎች፦ ከሁለት ዓመት አጠቃቀም በኋላ

ከሥራቸው የውሃ ቋት ያላቸውንና «ራሳቸውን የሚያጠጡ» የሚባሉትን የአትክልት መትከያዎች በቤት ውስጥም በደጅም ሁለት ዓመት ያህል ተጠቅሜባቸዋለሁ። በመጀመሪያ የገዛሁት አራት ነበር፤ ዛሬ አሠራራቸው የተለያየ ዘጠኝ መትከያዎች አሉኝ። በእነዚህ ውስጥ የሞተብኝ ተክል አለ፤ ከዚያ በፊት አይቼው በማላውቀው ሁኔታ የፋፋልኝም አለ። ልዩነቱን ያመጣው የመትከያው ዋጋ ሳይሆን ውስጡ የገባው አፈርና የተተከለው ተክል ዓይነት መሆኑን የተረዳሁት ግን ዘግይቼ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አፈሩን ከውሃው የሚለይ ወለል አለ፤ ከወለሉም ክር ወይም አፈር የተሞላ እግር ወደ ቋቱ ይወርዳል። የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ነበልባሉ እንደሚስበው ሁሉ፣ ውሃውም በክሩና በአፈሩ ጥቃቅን ክፍተቶች እየተሳበ ወደ ሥሩ ይወጣል። አፈሩ ሲደርቅ መሳቡ ይበረታል፣ ሲረጥብ ይቀንሳል፤ በመሆኑም ተክሉ በሞቃት ቀን ብዙ፣ በደመናማ ቀን ጥቂት ይወስዳል። መብራትም ሆነ ፓምፕ አያስፈልገውም።

የመጀመሪያዎቹን አራት መትከያዎች ከግቢ በቆፈርኩት መረሬ አፈር ሞላኋቸው፤ ይህ ትልቁ ስሕተቴ ነበር። የዚህ ዓይነት አፈር ቅንጣቶች እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ ውሃን አብዝተው ይይዛሉ፤ አየር ሊገባበት የሚገባው ክፍተት ሁሉ በውሃ ሲሞላም ሥሩ መተንፈስ ያቅተዋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፒስ ሊሊ የተባለው ነጭ አበባ ያለው የቤት ውስጥ ተክሌ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ተዝለፈለፉ። እኔም ውሃ ያነሰው መስሎኝ ቋቱን ሞላሁለት። ነቅዬ ሳየው ሥሩ ጠቁሮና በስብሶ ይሸት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ያህሉ የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ፣ ቀሪው ብስባሽና ፐርላይት (አፈርን የሚያናፍስ ቀላል ነጭ የድንጋይ ፍርፋሪ) የሆነ ቀላል ድብልቅ እጠቀማለሁ፤ በአፈሩ ምክንያት ሥሩ በስብሶ የሞተብኝ ተክልም የለም።

ሻጮች እምብዛም የማይነግሩት ነገር ቢኖር፣ አዲስ የተተከለ ተክል ሥሩ ወደ እርጥበቱ እስኪወርድ ድረስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከላይ ውሃ ማጠጣት እንደሚያስፈልገው ነው። ቋቱም ባለቀ ቁጥር ወዲያውኑ መሞላት የለበትም፤ በቤት ውስጥ ላሉት ተክሎች አንድ ሁለት ቀን ባዶውን እተወዋለሁ፣ ሥሩ አየር ያገኛልና። ሌላው ጉዳይ የጨው ክምችት ነው። ውሃው ዘወትር ከታች ወደ ላይ ስለሚጓዝ፣ በውሃውና በማዳበሪያው ውስጥ ያለው ማዕድን ከላይ ቀርቶ በአፈሩ ገጽ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ ሲበዛም የቅጠሎቹን ጫፍ ያቃጥላል። መፍትሔው በየሁለት ወይም በየሦስት ወሩ ከላይ ብዙ ውሃ አፍስሶ ማጠብና የወረደውን መድፋት ነው።

ከሁሉም የተደሰትኩት በደጅ ባሉት ቲማቲሞች ነው። ቲማቲም አንድ ቀን ደርቆ በማግሥቱ ሲጥለቀለቅ፣ ከውሃው ጋር የሚጓዘው ካልሲየም ወደ ፍሬው በአግባቡ ስለማይደርስ የፍሬው ታች ይጠቁራል። ቋት ባለው መትከያ ከተከልኳቸው ወዲህ ይህ ችግር ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ይሁን እንጂ ፍሬ የያዘ ትልቅ ቲማቲም በሞቃት ቀናት አነስተኛውን ቋት በሁለት ቀን ስለሚጨርሰው፣ ለእርሱ ሰፊ ቋት ያለውን መምረጥ ግድ ነው። በሶብላ፣ ሰላጣ፣ ቃሪያና ፈርንም በዚህ አተካከል ያምርባቸዋል። በአንጻሩ ካክተስ፣ እሬት፣ ሳንሴቬሪያ (ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ የሚያድግ የቤት ተክል) እና የጥብስ ቅጠል አፈራቸው ደረቅ እንዲል የሚፈልጉ በመሆናቸው፣ ለእነዚህ መትከያውን ፈጽሞ አልመክርም።

ስለ ዕቃው ጥራት ከተነሣ፣ የጥጥ ክር ውሎ አድሮ ስለሚበሰብስ በናይለን ገመድ ተክቼዋለሁ። ግድግዳው ብርሃን የሚያስገባ ቋት ውስጡ አረንጓዴ አልጌ ያበቅላል፤ ስለዚህ ጠቆር ያለው ይሻላል። የውሃውን መጠን የሚያሳየው ተንሳፋፊ ጠቋሚ ጠቃሚ ቢሆንም፣ በአንዱ መትከያ ላይ ሥር ገብቶበት ተጣብቋልና አሁን የምተማመነው መትከያውን አንሥቼ ክብደቱን በመመዘን ነው። የውሃ መሙያው አፍ ክዳን ከሌለው የወባ ትንኝ እንቁላል ሊጥልበት ስለሚችል፣ በደቃቅ ወንፊት መሸፈን አለበት።

የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያየው የሚገባው ግን ትርፍ ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ መኖሩን ነው። ቀዳዳው ከሌለ በደጅ ያለው መትከያ አንድ ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድበት እስከ አፈሩ ድረስ በውሃ ይሞላል፤ በቤት ውስጥም ጨውን አጥቦ ማውጣት አይቻልም። ውድ ከሆኑት መትከያዎቼ አንዱ ይህ ቀዳዳ የለውም ነበር፤ አንድ በሶብላ ካጣሁበት በኋላ፣ አፈሩን ከያዘው ወለል ትንሽ ዝቅ ብዬ በጋለ ምስማር በሳሁት። አሁን ናና ተክዬበት ደጅ ወጥቷል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥርም ትርፉ በዚያው ይፈሳል።