አሴምብሊ በእጅ ለመማር፦ አርዱይኖ ኡኖ አር3

አሴምብሊ (ፕሮሰሰሩ የሚፈጽማቸውን ትእዛዞች አንድ በአንድ የሚጻፍበት የፕሮግራም ቋንቋ) ለመጀመር ምን ልግዛ ለሚለኝ ሰው መልሴ አንድ ነው፦ አርዱይኖ ኡኖ የሚባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ፣ ያውም አር3 የሚባለው። ብዙ ሰው ይህን ቦርድ የሚያውቀው ለሮቦትና ለሴንሰር ሥራ ነው። እኔ የምወደው ግን ኮምፒውተር ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ስለሚያሳይ ነው።

ዩኒቨርሲቲ የተማርነው ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣውን 8086 ፕሮሰሰር ነበር። ኢሙሌተር (ቺፑን የሚያስመስል ሶፍትዌር) ላይ ቁጥሮች ሲቀያየሩ እናያለን፣ እንፈተናለን፣ በቃ። በእጃችን የነካነው ነገር አልነበረም። ላፕቶፕ ላይ ስንሞክር ደግሞ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ መሃል ይገባል። ኡኖ ላይ መሃል የሚገባ የለም። የጻፋችሁት ትእዛዝ በቀጥታ ቺፑ ላይ ይሮጣል።

ቺፑ ኤቲሜጋ328ፒ ይባላል። 8 ቢት ነው። 32 ሬጂስተር (ቺፑ የሚሠራባቸውን ቁጥሮች የሚይዝባቸው ትንንሽ ቦታዎች)፣ ለፕሮግራም 32 ኪሎባይት፣ ለዳታ 2 ኪሎባይት ብቻ አለው። ትንሽነቱ ነው ጥቅሙ፤ ሁሉንም በጭንቅላት መያዝ ይቻላል። ፕሮግራሙና ዳታው የሚቀመጡትም በተለያየ ሜሞሪ ነው። መምህራችን ሃርቫርድ አርኪቴክቸር እያለ ሰሌዳ ላይ የሳለው ይኸው ነው።

ቦርዱ ላይ ከ13 ቁጥር ፒን (የገመድ መሰኪያ) ጋር የተያያዘች ትንሽ መብራት፣ ኤልኢዲ፣ አለች። እሷን ለማብራት ሁለት ትእዛዝ ይበቃል፦ አንዱ ፒኑን መውጫ ያደርገዋል፣ ሌላው ያበራዋል። ሥራው ያለው ብልጭ ድርግም ማድረጉ ላይ ነው። ቺፑ በሰከንድ 16 ሚሊዮን ሳይክል (ምት) ይሄዳል፤ ስለዚህ ለማዘግየት ሬጂስተር ላይ በባዶ እንዲቆጥር እናደርገዋለን። አንድ ሬጂስተር ግን ከ0 እስከ 255 ብቻ ነው የሚይዘው። አንድ መቀነስ 1 ሳይክል፣ ወደ ኋላ መዝለል 2 ሳይክል ይፈጃል። 256 ዙር ቢዞር እንኳ 48 ማይክሮሰከንድ ገደማ ነው፤ ዓይን የት ያየዋል! ይህን ሉፕ (ድግግሞሽ) ሌላ ሉፕ ውስጥ ስትከቱት 12 ሚሊሰከንድ ገደማ ይደርሳል። ሦስተኛ ጨምራችሁ 41 ጊዜ ብታዞሩት ግማሽ ሰከንድ ያህል ይሆናል። ያኔ ኤልኢዷ ባሰባችሁት ሰዓት ትበራለች፣ ባሰባችሁት ሰዓት ትጠፋለች። እኔ ክሎክ (የቺፑ ምት መቺ) ምን እንደሆነ በትክክል የገባኝ ይህን በወረቀት ደምሬ፣ ከዚያ በዓይኔ ሳየው ነው።

እንከን አለው። በዩኤስቢ ገመዱ ብቻ ፕሮግራሙን በየትእዛዙ እያስቆሙ ሬጂስተር በቀላሉ ማየት አይቻልም። ይሄ ለጀማሪ ከባድ ነው። ዳታሺቱም (የቺፑ መመሪያ ሰነድ) ያደናግራል፤ ለአንድ ፖርት (የፒኖች ስብስብ) ሁለት አድራሻ ይሰጣል፣ ለምሳሌ በሄክስ (በ16 መሠረት አቆጣጠር) 05፣ ቅንፍ ውስጥ ደግሞ 25። ፒን የሚያበራው ትእዛዝ የሚፈልገው የመጀመሪያውን ነው። ይህን ካላወቃችሁ ስታፈጡ ታድራላችሁ።

ስትገዙ ስሙን አስረግጣችሁ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አር4 ባለ 32 ቢት ኤአርኤም ቺፕ ነው የያዘው፤ ከላይ ያልኩት የአሴምብሊ ትእዛዝና የሳይክል ስሌት እዚያ ላይ አይሠራም። ከተቻለ ረጅሙ ቺፕ መሰኪያ ላይ የተቀመጠበትን ምረጡ፤ ቢቃጠል ተነቅሎ ይቀየራል። ርካሹ ኮፒም ለመማር ምንም አይልም፤ ላፕቶፓችሁ ካላወቀው ግን የዩኤስቢ ቺፑን ድራይቨር መጫን ሊያስፈልግ ይችላል። ኮዱን እዚያው አርዱይኖ ሶፍትዌር ላይ ጻፉት፤ የፋይሉ ስም ከነጥብ በኋላ በካፒታል ኤስ (.S) ይጨረስ።