ለቤታ አሳችሁ ጎረቤት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ባለሙያ አማክሩ

አዲስ አበባ ውስጥ የጌጥ አሳ ለሚሸጠው ወንድማችን ምስጋናችን ከልብ ነው። ስሙንና ስልኩን እዚህ አላወጣንም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንሰጣለን። የምንጠቁመው ዋጋው ስለረከሰ አይደለም። ቤታ ከሚባለው ተደባዳቢ የጌጥ አሳ ጋር የማይስማማ አሳ ሲመረጥ፣ ብሩን ቆጥራችሁ ብታቀርቡለት እንኳ «ይሄንን አልሸጥላችሁም» ስለሚል ነው።

መጀመሪያ የሚጠይቀው የአኳሪየሙን፣ ማለትም አሳው የሚኖርበትን የመስታወት ገንዳ፣ መጠን ነው። ቤታ ብቻውን 20 ሊትር ይበቃዋል፤ ጎረቤት፣ ማለትም አብሮት የሚኖር ሌላ አሳ፣ የሚጨመርበት ከሆነ ግን ከ40 ሊትር በታች ላለው ሰው አይሸጥም። ቀጥሎ ውኃው መቼ እንደተሞላ ይጠይቃል። የአሳውን ቆሻሻ የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች ፊልተሩ (የውኃ ማጣሪያው) ውስጥ እስኪባዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ከአኳሪየሙ ውኃ በንጹሕ ብልቃጥ ቀድታችሁ ውሰዱለት። ለክቶ ከአሳው ቆሻሻ የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያውና ናይትራይቱ፣ 0 ካልሆኑ ባዶ እጃችሁን ይመልሳችኋል፤ ልክም ነው።

ብዙ ሰው ጎልድፊሽ መጨመር ይፈልጋል። ጎልድፊሽ ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ይወዳል፣ ቆሻሻውም ብዙ ነው፤ ቤታ ደግሞ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይሻል። ወንድ ጉፒ ጅራቱ ሰፊና ባለቀለም ስለሆነ ቤታው ሌላ ወንድ ቤታ የመጣበት ይመስለዋል። ታይገር ባርብ በተቃራኒው የቤታውን ክንፍ እየነከሰ ይቦጫጭቃል፤ ቁስሉ ላይ በሽታ ሲገባ ክንፉ ይበሰብሳል። ጎራሚም የቤታ ዘመድ ነው፤ አንድ ቦታ ሲሆኑ ይጣላሉ። ሁለት ወንድ ቤታ በአንድ አኳሪየም? ፈጽሞ።

አብዝቶ የሚመክረው ኮሪዶራስን ነው። የእኛው አምባዛ የሩቅ ዘመድ ነው፤ ቤታው ላይኛውን ውኃ ሲይዝ እሱ ከታች ይርመሰመሳል። ለ40 ሊትር ትንሹ ፒግሚ ኮሪዶራስ፣ ከ60 ሊትር በላይ ከሆነ ትልልቆቹ ይሆናሉ። ከ6 ካነሱ ግን ፈርተው ይደበቃሉ። ከታች የሚነጠፈው ደቃቅ አሸዋ ይሁን፤ ስለታም ጠጠር ጢማቸውን ይጎዳዋል። የሚሰምጠውን ምግባቸውን መብራት ካጠፋችሁ በኋላ ስጧቸው፤ አለዚያ ቤታው ይሻማና ከልክ በላይ በልቶ ሆዱ ይነፋል። ለመካከለኛው ውኃ 8 ሃርለኩዊን ራስቦራ ወይም ኤምበር ቴትራ ጥሩ ነው፤ ቦታው ከፈቀደ ብቻ። ኔራይት ቀንድ አውጣም አልጌውን ትበላለች፤ ጨው በሌለው ውኃ እንቁላሏ ተፈልፍሎ ስለማያድግ አትበዛባችሁም።

የአዲስ አበባ ሌሊት ስለሚበርድ ሂተርን (የውኃ ማሞቂያውን) ያለ ቴርሞሜትር አይሸጥም። መብራት ሲጠፋ አኳሪየሙን በብርድ ልብስ ዙሪያውን ጠቅልሉት፤ ላዩን ግን አትድፈኑት፣ ቤታ አየር የሚስበው ከውኃው ገጽ ነው። መብራት መጥቶ ፊልተሩ እስኪሠራ ምግብ አትስጡ።

ሌላው ዋና ምክሩ ቅደም ተከተል ነው። ጎረቤቶቹ ቀድመው ይግቡ፣ ቤታው በመጨረሻ። ቤታው ቀድሞ ከገባ ቦታው የእሱ ሆኗል ማለት ነው፤ አውጡትና ድንጋዩንና ተክሉን አዘዋውሩ፣ አዲሶቹን አስገቡ፣ ከዚያ እሱን መልሱ። የአሳው ፌስታል ከመከፈቱ በፊት 20 ደቂቃ ውኃው ላይ ይንሳፈፍ።

በመጀመሪያው ቀን ቤታው ስንጥቡን ነፍቶ ትንሽ ቢያሳድዳቸው አትደንግጡ። ክንፍ ከተቀደደ ወይም አንዱ ጥግ ይዞ መብላት ካቆመ ግን በዚያው ሰዓት ለዩዋቸው። ከማንም ጋር መኖር የማይችል ቤታ አለ፤ ይህን ወንድማችን ሲሸጥ አስቀድሞ ይናገራል፣ ካልተስማሙም ጎረቤቶቹን በ2 ሳምንት ውስጥ መልሶ ይረከባል። ስትሄዱ የአኳሪየማችሁን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በሴንቲ ሜትር ለክታችሁ ያዙ፤ ሊትሩን እሱ ያሰላላችኋል።